የቴዎዱሎ ጭንቅላት ፎቶ

ቴዎዱሎ በፓናይ ደሴት፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ረግረግ ሸርጣን እያጠመደ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሙን የገደለው ሉባግ ነው፤ ያገሩን ወንዶች እየመረጠ አንገትና ወገባቸውን እንደ እርጥብ ልብስ የሚጠመዝዝ፣ ኋላም አድርቆ የሚያስቀር በሽታ። በአርባ አራት ዓመቱ ግራ እግሩ መጎተት ሲጀምር ሚስቱ ኔሊያ ጫማውን ገልብጣ አየች።

«ሶሉ አልቆ ነው» አለችው።

«አዎ፣ ጫማው ነው» አላት። ሁለቱም ግን ያውቁ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐኪሞች የበሽታውን አካሄድ በአንጎል ምስል ለመከታተል ፈቃደኞች ሲፈልጉ፣ ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነው። በየዓመቱ አንዴ ኢሎኢሎ ከተማ ሄዶ፣ እንደ ቧንቧ ባለ ማሽን ውስጥ አርባ ደቂቃ ሳይነቃነቅ መተኛት ነበረበት። «ሬሳ መሆን ልለማመድ» ብሎ ሲቀልድ ኔሊያ በክርኗ ጎሸመችው።

በሁለተኛው ዓመት በመድኃኒት ጋብ አለለት። ጀልባ ላይ መቆም ቻለ፤ ጎረቤቶቹም «ዳነ» አሉ። በዚህ ተበረታቶ ጥናቱን የምትመራውን ዶክተር ሳሎሜን ምስሉን እንድታሳየው ለመናት።

«ኖንግ ዱሎ» አለችው፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር፤ «ቢቀርብዎት ይሻላል።»

«የራሴን ጭንቅላት ነው የምትከለክይኝ? አሳይኝ እንጂ!»

የአምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አደረገችለት። እንቅስቃሴን የሚመራው የመሃሉ ክፍል መንምኗል፤ አጠገቡ ያለው ጥቁር ባዶ ሰፍቷል።

«ተሽሎኛል እኮ!»

«መድኃኒቱ መጠማዘዙን ነው ያስታገሰልዎት። በሽታውን የሚያቆም እስካሁን የለንም።»

«ልጆቼስ?»

ዶክተሯ አቀረቀረች። «ሴቶች ስለሆኑ እነሱን ብዙ ጊዜ አይነካም። ወንድ ከወለዱ ግን ሊተላለፍበት ይችላል።»



በሦስተኛው ዓመት አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ቀረ። ሦስቴ ማሽኑ ውስጥ አስገቡት፤ ሦስቴም ስለተነቃነቀ ምስሉ ተበላሸ። አደንዝዘው እንዳያስተኙት፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶታልና እንዳይታነቅ ፈሩ። ሐኪሟ «ይበቃል» ስትል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ኔሊያ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና «አንዴ ልሞክር ነው የሚለው» አለች። አራተኛውም ተበላሸ። ያን ቀን አለቀሰ፤ ለምንም የማይሆን ሰው መሆኑን አመነ።

ከዚያ ስምንት ወር ቆየ፤ የቀጠነ የሩዝ አጥሚት እንኳ እያነቀው፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ሞተ።

ዶክተር ሳሎሜ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። «ምስሎቹ ብዙ አስተምረውናል» አለች።

«ምን አስተማሯችሁ?»

«በሽታው በዓመት ምን ያህል እንደሚገፋ።»

«እሱንማ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ዶክተር» አለች ኔሊያ።

ታላቋ ልጅ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ወንድ ልጅ ይመኛል። እሷ ግን አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሻማ ታበራለች፤ የምትለምነው ልጇ ሴት እንድትሆንላት ብቻ ነው።