የሃያ ሳንቲ ሜትር ውሃ

የአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ይመዝናል? ዕድሜ ልኬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ይህን ጥያቄ የምመልሰው በነገሥታት ነበር፤ እከሌ ይህን ገነባ፣ እከሌ ያንን አቃጠለ እያልኩ። ጎረቤቴ ባውክዬ ግን መልሴን ሁሉ አበላሸችብኝ። የእሷ ሥራ ምንም ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነበር። መንደራችን ከባሕር ጠለል በታች ናት፤ ውሃውን ሌት ተቀን ወደ ባሕር የሚመልሰው ፓምፕ ነው። ባውክዬ በፓምፕ ጣቢያው ሠላሳ ስምንት ዓመት በመሐንዲስነት ስትሠራ አንድ ላም አልሰጠመችም፣ አንድ ጓዳ ውሃ አልገባውም። ያልሰጠመችን ላም ማን ይቆጥራል? ላልመጣ ጎርፍ ማን ሐውልት ያቆማል? በዚህ ጉዳይ እኔ ብዙ ክረምት ተክዣለሁ። እሷ ስትተክዝ ግን አይቼ አላውቅም። ስትስቅ ነው የምሰማት፤ ሳቋ አጥር ዘልሎ እኔ ቤት የሻይ ስኒ ያንቀጠቅጣል።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ቤታችን ለንግግር ጠራት። ልጆቻችን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የሚቀጥሉበትን ዘርፍ መርጠው ቅጽ ይሞላሉ፤ ወላጅ ይፈርምበታል። ባለፈው ዓመት የቴክኒኩን ዘርፍ የመረጠች አንዲት ሴት ልጅ አልነበረችም። ርዕሰ መምህሩ ይህ ከንክኖት ሮዝ ፖስተር አሳተመ፤ ሴቶቹን ልጆች አንድ ክፍል ሰበሰበ፤ ባውክዬን ከፖስተሩ ጎን አቆማት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

ባውክዬ ከወረቀት ማንበብ ጀመረች። ስለ ፓምፕ ዓይነቶች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዷ አዛጋች፤ ማዛጋት ይጋባልና ክፍሉን ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። በመጨረሻ ሂልቼ እጇን አወጣች። የላም አርቢው የዱርክ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ አፏ የማያርፍ።

«አክስት ባውክዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ነገር እርስዎን ራስዎን አያስተኛዎትም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሰ መምህሩ ከፖስተሩ የበለጠ ቀላ። ባውክዬ ወረቀቷን አጠፈችና ከሁሉም አብልጣ ሳቀች።

«ያስተኛኛል እንጂ! ስጽፈው ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶኛል። አንቺ የዱርክ ልጅ አይደለሽም? ባለፈው በጋ አራት ጊዜ ቦይ ውስጥ የገባሽው?»

«አምስት ጊዜ ነው» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ኒንከ።

«አንቺ ዝም በይ!»

«ለምን ነበር የወደቅሽው?» አለች ባውክዬ።

«አባዬ ድፍረት አነሰሽ ይለኛል።»

«ድፍረት!» ባውክዬ ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። «ሁላችሁም ካፖርታችሁን ልበሱ። እንሂድ።»

እኛ ጋ ቦይ የሚሻገረው በድልድይ ብቻ አይደለም፤ በዘንግ መዝለል የቆየ ጨዋታችን ነው። ቦዩ መሀል አሥራ ሁለት ሜትር ዘንግ ይቆማል፤ ወደ ዘላዩ ጋደል ብሎ። ዘላዩ ሮጦ ይንጠለጠልበታል፤ ዘንጉ ቀና ብሎ ወደ ማዶ እስኪያዘነብል እንደ ድመት ወደ ላይ ይቧጥጣል፤ ከቀናው ማዶ ያለው አሸዋ ላይ ያርፋል። ካልቀናው ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ መንደሩ ይደሰታል። ዱርክ የዘላዮቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ሂልቼ በወደቀች ቁጥር መንደሩ ሲስቅ የኖረው እንግዲህ በሊቀ መንበሩ ልጅ ነው።

ባውክዬ ልጆቹን ቦዩ ዳር አሰለፈቻቸው። የየካቲት ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል።

«የጎደለሽ ድፍረት አይደለም» አለቻት። «ዘንግሽ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ይጣመማል። የዘንጉ ጫማ፣ ያ ከሥሩ የተገጠመው ሳህን፣ ጠባብ ነው። ምን ያህል መስፋት አለበት?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ታዲያ ጭቃውን ጠይቂዋ!»

ጭቃውን ጠየቁት። በማግስቱ ሰባት ልጆች ቦዩ ዳር ቆመው በብረት ዘንግ ደለሉን እየወጉ፣ በገመድ ጥልቀቱን እየለኩ፣ የውሃውን ልክ በቀለም ምልክት እያደረጉ፣ ቁጥር እየተጯጯሁ አገኘኋቸው። ሂልቼን የመዘኗት በአባቷ በረት፣ በጥጃ ሚዛን ነው። ኒንከ «ለገበያ ደርሳለች!» ብላ ስትጮህ ላሞቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩ። ከዚያ በኋላ የባውክዬ ጓሮ መጋዘን ሰላም አልነበረውም። የአተር ሾርባ ይፈላል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ አንዷ «ተሳስተሻል!» ስትል ሌላዋ «አንቺ ነሽ!» ትላለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ልጆች ስለ እውነት እንዲከራከሩ ለምኜ አልሆነልኝም፤ እነዚህ ግን ስለ አንድ የዘንግ ጫማ ስፋት ሊቧጨሩ ምንም አልቀራቸውም።

በመጋቢት መጨረሻ ሂልቼ ቅጹን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች። የቴክኒኩ ዘርፍ ላይ ምልክት አድርጋለች። ዱርክ አልፈርምም አለ። ባውክዬ ይህን ስትሰማ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወደ በረቱ ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ምን ሆነህ ነው ዱርክ?»

«አክስት ባውክዬ፣ ሒሳብ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። አባቴን አሸንፏቸዋል፣ እኔን አሸንፎኛል። ልጄ የማትችለው ውስጥ ገብታ ስታለቅስ ማየት አልፈልግም።»

«እያየሃት፣ መቼ አለቀሰች?»

ዱርክ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። «እሺ። ሒሳባችሁ ልጄን ደረቅ አድርጎ ካሻገራት እፈርማለሁ። ጠብታ ውሃ ከነካት የቋንቋውን ዘርፍ ትሞላለች።»

«ጠብታ?»

«ጠብታ!»

ላም እንደሚሻሻጥ ሰው እጅ ለእጅ ሦስቴ ተማቱ። በእኛ መንደር ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የለም። ቅጹ የሚሰበሰበው ከሚያዝያ ሁለተኛ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፤ ዝላዩ ቅዳሜውን ሆነ።

ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ወጣ። አዲሱ የዘንግ ጫማ እንደ ትሪ ሰፊ ነው፤ የነደፉት ልጆቹ ናቸው፣ የበየደችው ኒንከ ናት። ሂልቼ ሮጠች። ዘንጉን ያዘች። ወደ ላይ ቧጠጠች፣ አሁንም ቧጠጠች፤ ጫማው አልሰመጠም፣ ዘንጉ አልተጣመመም፤ ቀና አለ፣ ቀና አለ፣ ፍጹም ቀጥ አለ፤ እዚያው ቆመ።

ቆመ ስል በእውነት ቆመ። ሂልቼ ቦዩ መሀል፣ ሰማይ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ላይ የነፋስ አቅጣጫ እንደሚያሳየው የብረት ዶሮ ተሰክታ ቀረች።

«አይታይሽም፣ ቤታችን?» ብላ ጮኸች ኒንከ።

«ይታየኛል! እናትሽ ልብስ እያሰጣች ነው!»

«ወደ ፊት ተወዝወዢ!» አለ ዱርክ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ።

«ቆይ አባዬ፣ እያሰብኩ ነው!» ከላይ ወደ ታች አየች። ቦዩ ጠርዝ ላይ የውሃ መለኪያ ሰሌዳ አለ። «አክስት ባውክዬ! የየካቲት ምልክታችን የለም! ውሃ ውስጥ ገብቷል! ሃያ ሳንቲ ሜትር!»

ባውክዬ ግንባሯን በመዳፏ መታች። የቦዮቻችን ውሃ በየዓመቱ በሚያዝያ መግቢያ ለሣሩ ሲባል ከፍ ይደረጋል፤ በመከር ዝቅ ይላል። ልጆቹ የለኩት የብርዱን ወራት ዝቅተኛ ውሃ ነው፤ የዘለለችው ከፍ ባለው የበጋ ውሃ ላይ ነው። ውሃውን በየሚያዝያው ሠላሳ ስምንት ዓመት በገዛ እጇ ከፍ ያደረገችው ደግሞ ማን ሆነችና!

«እኔ ነኝ! እኔ አህያዋ ነኝ!» ብላ በሳቅ ታጠፈች።

«ዘንጉ ውስጡ ባዶ ነው!» ሂልቼ ከላይ ትምህርቷን ቀጠለች። «ውሃው ሽቅብ አንስቶታል! ሳልዘል በፊት ጫማው መሬቱን በደንብ ሳይረግጥ ወደ ማዶ ሸሽቷል፤ ለዚህ ነው ፍጥነቴ ያልበቃው! እግሩ ላይ ክብደት ቢጨመርበት—»

ዓረፍተ ነገሩን ውሃ ውስጥ ጨረሰችው። ዘንጉ ቀስ ብሎ፣ በክብር፣ ወደ ጎን ጋደለ። ሕዝቡ ባርኔጣ ወረወረ። ሂልቼ አረንጓዴ አልጌ እንደ ሻሽ ተከናንባ ወጣች፤ ፊቷ ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም።

«ከጠብታ ትንሽ ይበልጣል» አለ ዱርክ።

«አውቃለሁ አባዬ። ውል ውል ነው።» ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሳቀች። «ግን ስድስት ጊዜ ስወድቅ፣ ለምን እንደወደቅኩ ያወቅኩት ዛሬ ነው። አንተ ስንት ጊዜ ወድቀሃል?»

ዱርክ ሃያ ሁለት ዓመት ዘሏል። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር፤ ሰው በውስጡ መዝገብ ሲያገላብጥ ያስታውቃል። ከዚያ መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አንዱንም አላውቀው!» አለ፣ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። «የአንዱንም ምክንያት አላውቀው! እስክሪብቶ ያለው!»

ቅጹን በልጁ እርጥብ ጀርባ ላይ ደግፎ ፈረመው። ቀለሙ ፈሰሰ፤ ትምህርት ቤቱ ተቀበለው። ከእሷ ጋር ኒንከና ሌሎች አራት ልጆች ያንኑ ዘርፍ ሞሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማው ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ቀለበት አሰሩበት፤ ሂልቼ ካልሲዋ ሳይረጥብ ማዶ አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለች።

የዚያን ዕለት ጩኸቱ በረድ ሲል ባውክዬ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ምን እየሆኑ ነው?» አለች ሂልቼ።

«ተራዬ ነው። አንዴ ብቻ ልዝለል።»

«በስንት ዓመትዎ!» አለ ዱርክ።

«በስድሳ ስምንት። ምን አለበት? ውሃውን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ልጆቹ ተሰበሰቡባት። ሂልቼ የጉልበቷን ራጅ ካላየሁ አለች፤ ኒንከ ወደ ጥጃው ሚዛን እንውሰድዎት አለች፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ካፖርቷን ያዝኩ። አሁን ሂልቼ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የውሃ ምህንድስና ታጠናለች፤ ባውክዬ ሰባ አንድ ሞልቷታል። በየሚያዝያው ቦዩ ዳር ትመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ያንኑ ትለምናለች። ባለፈው ቅዳሜም «አንዴ ብቻ፤ ብወድቅም ምክንያቱን እነግራችኋለሁ» አለችን። ዱርክ ዘንጉን ተሸክሞ ጎተራ አስገባና በሩን ቆለፈው።