ያመለጠኝ ወንበር

ከድሬዳዋ የተነሣሁት የእህቴን ልጅ ክርስትና ለማንሣት ነው። እህቴ ያገባችው ሞጣ ነው፤ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላት ሐሙስ ነበር። ካህናቱ ጎህ ሲቀድ ያጠምቃሉ፤ የክርስትና እናቷ ቀረች ብለው አይጠብቁም፤ ሌላ ሴት ታቅፋታለች። የሕፃኗን ማተብ በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬያለሁ። እስከ ትውልድ ከተማዬ እስከ ቢቸና በደኅና ደረስሁ። የቀረችኝ መንገድ አጭር ነበረች፤ ግን ካለፈው ሁሉ የበለጠ ያስፈራችኝ እሷ ናት። ተዘግታ ከርማ ከተከፈተች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ ክረምቱም አልወጣም።

ቢቸና፣ ረቡዕ ጠዋት

መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ነው። ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝቼ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሻንጣዬን አኖርሁና ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልመለስ አልሁ። ሳልሳለም መንገድ ጀምሬ አላውቅም። ረዳቱ ቶሎ እንድመለስ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ከጸሎቴ አንዲት ቃል አላጎደልሁም። ስመለስ ሻንጣዬ ጥበቃው እግር ሥር ተቀምጧል፤ መኪናው የለም። በወንበሬ አንዲት የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ እንደሄዱበት ጥበቃው ነገረኝ። ተሳልሜ የመጣሁት ሴትዮ እዚያው ቆሜ የማላውቃቸውን ሰው ረገምሁ።

ሁለተኛው ሚኒባስ እስኪሞላ እኩለ ቀን ሆነ። ሾፌሩ ከታሪፉ አስበልጦ ጠየቀን፤ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሌላ ካገኛችሁ ሂዱ ሲለን ከፈልን። ሲመሽ መኪና እንደማይንቀሳቀስ ሁላችንም እናውቃለን።

ከደብረ ወርቅ በኋላ

ደብረ ወርቅ ላይ ሽሮ ቀርቦልን ነበር፤ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወርድልኝ አለ። ከከተማው እንደወጣን ጉም ማሳውን ሸፈነው። የዋልካው ጥቁር ጭቃ መንገዱ ላይ ፈስሶ ጎማው ወዲያና ወዲህ ይላል። አንድ መታጠፊያ እንዳለፍን ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

ያ የጠዋቱ ሚኒባስ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። በበሩ በኩል ነው የወደቀው። ሻንጣዬን ያኖርሁበት ወንበር መስኮት ረግፏል፤ ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰው አልሞተም። ተሳፋሪዎቹን አንድ አይሱዙ ወደ ደብረ ወርቅ መልሷቸዋል፤ አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ ቤቴ ሞጣ ነው ብለው፣ ክንዳቸውን በሻሽ አንጠልጥለው፣ የጨርቅ ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ዘሀራ ይባላሉ። ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ማዶ ጉብታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በአገጫቸው አመለከቱን።

«ሾፌሩ እሱን ሲሳለም መሪውን ለቀቀው» አሉ።

ሾፌሮቻችን ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። ጎንበስ ብለው ሲያማትቡ እኔም ስንቴ ደስ ብሎኝ አይቻለሁ።

የእኛ መኪና ረዳት ቦታ የለም አለ። እውነቱን ነው፤ ተጨናንቀናል። እዚያ ብቀር ሊመሽብኝ ነው፣ ሕፃኗንም ሌላ ልታቅፋት ነው። እሳቸው ቢቀሩስ? ተነሣሁና ወንበሬን ለቀቅሁላቸው፤ እኔ ከሾፌሩ ጎን የሞተሩ ክዳን ላይ ልቀመጥ አልሁ። ሻንጣዬን ሳነሣ አዩኝ።

«ጠዋት ሻንጣሽን ያወረዱልሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ይኼ ክንድ ያንቺ ነበር ልጄ» አሉና ፈገግ አሉ።

ተመስገን ልል አፌን ከፈትሁ። የተንጠለጠለ ክንዳቸውን ሳይ አፌን መልሼ ገጠምሁ።

ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ገደሉን ሁሉ ቀድሞ ያያል። ብዙ ሳንሄድ ከዛፎቹ መሀል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ፤ የሾፌሩ ቀኝ እጅ ከመሪው ተነሣ። ሳላስበው እጁን ይዤ መለስሁት።

«አንተ መሪህን ያዝ ወንድሜ፤ እኔ እሳለምልሃለሁ።»

አማተብሁለት፤ ጎንበስም አልሁለት። ይህን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያለ ረዳት አላገኘሁም ብሎ ሳቀ። ከኋላ ወይዘሮ ዘሀራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መስጊድ ስናልፍ ደግሞ እኔ አለሁ አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ሞጣ እስክንገባ ከመሪው ላይ ዓይኔን አልነቀልሁም።

ሞጣ

ሊመሽ ሲል ደረስን። ወይዘሮ ዘሀራን ልጆቻቸው መናኸሪያ ተቀብለው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ሲወርዱ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እሳቸው ሲሉ ነው ለእኔም ተመስገን የወጣልኝ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሕፃኗን አቀፍሁ። ውኃው ሲነካት ጮኸች፤ ማተቧን ከመሐረቡ ፈትቼ ለካህኑ ሰጠሁ።

ድሬዳዋ ከተመለስሁ በኋላ ወይዘሮ ዘሀራ ደውለውልኛል፤ ክንዳቸው እየዳነ ነው። ድሮ ተመስገን የምለው ለትልቅ ነገር ነበር፤ አሁን ከመኪና በወረድሁ ቁጥር እላለሁ፤ ስለ እኔ ወንበር የተጎዱትንም በስማቸው አነሣለሁ። ትናንት የተሳፈርሁበት ባጃጅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ የሚነዳው ልጅ እጁን ከመሪው አነሣ።

«ያዝ» አልሁት፤ «የአንተንም እኔ እሳለማለሁ።»