ጭረት የሌለው በር

ሰፈሩ «እጀ ለስላሳ» ይለዋል። ሥራው ቁልፍ ቀራጭነት ነው። ሱቁ የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ የሚገባባት ጠባብ ክፍል ናት። ሌላው በመዶሻና በመሮ የሚታገለውን በር እሱ በሁለት ቀጭን ሽቦ አባብሎ ይከፍተዋል። «በሩ ራሱ መከፈቱን አያውቅም» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልዱን ይወደው ነበር።

የእጁ ዝና መንግሥት ቤትም ደረሰ። የጸጥታ ሰዎች አልፎ አልፎ እየመጡ ይወስዱት ጀመር። ሚስቱ አልወደደችውም።

«የማንን ቤት ነው የምትከፍተው?» ስትለው፣

«እኔ ምን አገባኝ? ያዘዘው መንግሥት ነው፤ ኃጢአቱም ጽድቁም የሱ» ይልና ለጥ ብሎ ይተኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ወሰዱት። መምህሩ ዕድሜ ልኩን መንግሥት ምን እንደሆነ፣ ገዥ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በቅርቡ ደግሞ «ሕግ ስለወጣ ብቻ ትክክል አይሆንም» ብሎ በአደባባይ በመናገሩ ጥርስ ተነክሶበታል። ሲያንኳኩ አልከፈተም። እጀ ለስላሳ ተንበረከከና ሽቦውን አስገባ። ጠቅ አለ።

መምህሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። መሣሪያ የታጠቁትን አልፎ ያየው ደፉ ላይ የተንበረከከውን ነበር።

«አንተስ ማነህ ወንድሜ?»

«ቁልፍ ቀራጭ ነኝ ጋሼ። ታዝዤ ነው።»

መምህሩ ክፍል ውስጥ የቆመ ይመስል ረጋ ብሎ ተናገረ። «መንግሥት የሰዎች ውል ነው የሚሉ አሉ። ሰው ደህና ኑሮ እንዲኖር የቆመ ማኅበር ነው የሚሉም አሉ። ሁሉንም አስተምሬያለሁ። የትኛውም ቢሆን ግን በር የሚከፍትለት ሰው ይፈልጋል። የከፈተው ‹ታዝዤ ነው› ካለ፣ ያዘዘው ደግሞ ‹እኔ መቼ ነካሁ› ካለ፣ ሥራው የማን ነው?»

መልስ አልጠበቀም። ጫማውን አጥልቆ አብሯቸው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ከወራት በኋላ እስር ቤት ውስጥ ሞተ ተባለ፤ ሬሳው እንኳ ለቤተሰቡ አልተሰጠም።

ወሬውን ሱቁ ድረስ ይዞለት የመጣው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። «ጉድ ሰማህ? የመምህሩ የገዛ ሚስት ናት አሉ ቁልፉን አሳልፋ የሰጠችው! ሲያንኳኩ እሱ እንዳልከፈተ ጎረቤት ሰምቷል፤ በሩ ላይ ግን ጭረት የለም። ቁልፉ ያለው በሱና በሷ እጅ ብቻ፤ የዚያን ዕለት ደግሞ እሷ እህቷ ጋ ሄዳለች። የሟች ወንድም ‹ከዓይኔ ጥፊ› ብሏታል።»

የሚሞርደው ቁልፍ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። አላነሳውም።

ከዚያ በኋላ ጠቅ የምትለው ድምፅ አልለቀው አለች። ፊቱን ሲታጠብ ይሰማታል፤ ልጁን ሲያቅፍ ይሰማታል። የቤቱን በር ይዘጋል፤ ተመልሶ ይነካዋል፤ እንደገና ይዘጋል።

«ስንቴ ትዘጋዋለህ? ማን ይመጣብናል?» አለች ሚስቱ።

«ከውጭ አይደለም የሚሰማኝ። እዚሁ አጠገቤ ነው የሚከፈተው።»

ይህን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈላት። ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ሴትዮዋ በቁሟ እየሞተች ነው። ሂድና ተናገር።»

«ያስሩኛል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ፊቷን አዞረች።

እሑድ ጠዋት ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። የሟች ወንድም የመምህሩን መጻሕፍት ሊወስድ መጥቶ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። የሟች ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አጠገቧ የቆመ ማንም የለም።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ እጀ ለስላሳ።

ወንድምየው ሳቀበት። «ስንት ሰጥታህ ነው?»

«ዝጉትና ቁልፉን ያዙት።»

ዘጉት። ተንበረከከ። ስቶ የማያውቀው ሽቦ ሁለቴ ሳተ። በሦስተኛው ጠቅ አለ። በሩ ያለ አንዲት ጭረት ወለል ብሎ ተከፈተ። አንዲት ጎረቤት አፏን በእጇ ያዘች። ወንድምየው የሴትዮዋ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ አለችና ወደ ቁልፍ ቀራጩ ዞረች።

«እኔን ከሐሜት አወጣኸኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱንስ ከየት ታወጣልኛለህ?»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የጸጥታ ሰዎቹ መጡ፤ አሁን የመጡት ግን በር ሊያስከፍቱት አልነበረም። ከርሞ ሲፈታ ጺሙ ሸብቷል። ቁልፍ መቅረጹንም እርግፍ አድርጎ ተወው፤ አሁን የሻንጣ ዚፕና የጃንጥላ ሽቦ ይጠግናል። ሱቁ ውስጥ አንዲት ዱካ አለች። ደንበኛ ሊቀመጥባት ሲል፣ «ይቅርታ፣ ሰው አለባት» ይላል። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። አሁን ግን መምህሩ የተቀመጠባት ይመስል ዓይኑ ከባዶዋ ዱካ እንደማይነቀል ስላዩ፣ ሥራው እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቃሉ።