አራት ብልቃጥ ከአንድ ቤት

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼም ያውቁታል፣ እኔም አልክድም። ጎሬ ስናድግ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ "ማን ነገረሽ? አንቺስ በዐይንሽ አይተሻል?" ሳይለኝ የሚቀበለው ወሬ አልነበረም። እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ተማርኩና ጭራሽ ባሰብኝ። መቱ ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ስኖር የያዝኩት እምነት ቢኖር ሰው ይዋሻል፣ ስላይድ አይዋሽም የሚል ነው። አሁንም ስላይድ አይዋሽም እላለሁ። የሚያነበው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የማወራው ስለ ሰገራ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ፤ እንጀራዬ ነው። አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ ጥናት መጣ። በሶር ፏፏቴ አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች ከየቤቱ የልጆች ናሙና ይሰበሰብና የሆድ ትል ምን ያህሉን እንደያዘ ይታያል። ጎን ለጎን ደግሞ ተመርቀው ሥራ ያጡ ስድስት የላብራቶሪ ልጆች ሦስት ወር እየሠለጠኑ ናሙናውን ይሰበስባሉ። ሲያበቃ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ በቋሚነት ይቀጠራል። አሠልጣኟም ተቆጣጣሪዋም እኔ ነበርኩ። የነበረን አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ያውም ጠፍቶ ለሚሰነብተው፣ ወደ መስኮት እናስጠጋውና በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እንለቅማለን። በዚያ ክረምት ደግሞ ፀሐይ የት አለና!

ጥርጣሬው የእኔ ብቻ አልነበረም። ገጠሩም እኛን ይጠረጥረናል። "ሰገራችንን ምን ሊያደርጉት ነው?" ይባላል። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም በግልጽ፣ "ቡናችንን ሲገዙን እንኳ እንዲህ አላባበሉንም፤ ይኼ ነገር የሆነ ዋጋ አለው" ብለውኛል። እኔ የአዲስ አበባውን የጥናት ኃላፊ እጠረጥራለሁ፣ እሱ እኔን ይጠረጥራል፣ ሾፌሩ ሁላችንንም። እንዲህ ሆነን ነው ሳይንስ የምንሠራው።

ሥልጠናውን ስጀምር ሁልጊዜ የምናገረው ነገር አለኝ። "ያላያችሁትን አትጻፉ። ሰውን በገዛ ቤቱ አታዋርዱ። የሚያጠራጥር ነገር ከገጠማችሁ እዚያው እሰጥ አገባ አትግጠሙ፤ የፎርሙን ጀርባ ገልብጡና ጻፉት፣ እኔ አየዋለሁ።" ይህን ስናገር ደረቴ ይነፋል። ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል።

ከስድስቱ አንዷ ከኡካ የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት። እኔ ዝምተኛ ሰው አልወድም፤ ምን እያሰበ እንደሆነ ማን ያውቃል? በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሲወጡ ወደኋላ ቀረችና፣ "እትዬ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ይኼ ካመለጠኝ ተመልሼ አጎቴ ሱቅ ሳሙና መሸጥ ነው" አለችኝ።

"እንግዲያ አያምልጥሽ" አልኳት። አፌ እንዲህ ነው፣ ማር የለውም።

ነገሩ የመጣው ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን ነው። ቀኑን የማስታውሰው ጠዋት ከቤት ስወጣ የጎረቤቴን ሳህን አይቼ ስለተናደድኩ ነው። ጎረቤቴ ባለሱቅ ሙስሊም ናት፤ ለአረፋ ብስኩት ሞልታ ልካልኝ ሳህኗ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ባዶውን አይመለስ ነገር፤ የምሞላበት ደግሞ ሳላዘጋጅ ሳምንት አለፈኝ። "ዛሬማ አንድ ነገር ገዝቼ እሰድላታለሁ" እያልኩ ሥራ ገባሁ።

ከአንድ ቤት የመጡ አራት ብልቃጦች ጠረጴዛዬ ላይ አሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የሰባት፣ የአራት፣ የመጨረሻው የአምስት ወር ሕፃን። አንደኛውን አየሁ፤ የወስፋት እንቁላል ሞልቷል፣ የበቆሎ ገለፈት አለበት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። አራተኛውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ የአምስት ወሩ ጨቅላ፣ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አልቀመሰም ተብሎ የተጻፈለት፣ ተቀምጦ በቆሎ ሲቆረጥም ታየኝ። ብልቃጦቹን አሰልፌ በዐይኔ ብቻ አየኋቸው። መልካቸውም አንድ ነው። ሳቄ ጠፋ።

ሰብሳቢዋን አየሁ። የኡካዋ ልጅ።

"አገኘሁሽ!" አልኩ ለብቻዬ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ አይደል! ጭቃውን ፈርታ አንዱን ለአራት ከፋፍላ አመጣችልኝ። ፈጥኖ ነው የታየኝ፤ ምክንያቱም ቀድሞ የደረሰብኝ አለ። ከዓመታት በፊት አንድ መረጃ ሰብሳቢ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ሃያ ቤት "ጎብኝቶ" መጥቶ አሳፍሮኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያለፈውን ሳምንት ስላይዶቿንም አውጥቼ አየሁ፤ ሌሎች ሦስት ቤቶች እንደዚያው ናቸው። የሌሎቹን አምስት ሠልጣኞች ስላይድ ግን አላየሁም። የምፈልገውን አግኝቼ ነበር።

አስጠራኋት። ጋውኗን እንደለበሰች፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ መጣች።

"እነዚህን አራቱን ማን ሞላቸው?"

"እናትየዋ ናቸው የሰጡኝ።"

"ሲሞሉ ቆመሽ አይተሻል?"

"አላየሁም። ከሰዓት ሰጥተን በማግሥቱ ጠዋት አይደል የምንቀበለው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "እትዬ፣ ፎርሙን አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ!"

"ካዩት እንግዲህ..." አለችና ዝም አለች። ዝም ማለቷን እንደ ጥፋት ቆጠርኩባት። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር ብዬ አሰብኩ። እኔ ብሆን ጣራውን እነቅለው ነበር።

ደብዳቤውን ያን ዕለት ጻፍኩ። "ናሙና አጭበርብራለች" ብዬ፣ ከነፊርማዬ። ኃላፊው ከሥልጠናው አሰናበታት። ጋውኗን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። "ደህና ዋሉ" አለችኝ፣ ወጣች፣ በዝናብ ወደ መነኸሪያ ሄደች። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ራሴን ወደድኩት። እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም አልኩ።

ነገር ግን የጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ ማስረጃ ካልሞላልኝ ምግብ አይጥመኝም። በሳምንቱ ያንኑ ቤት ራሴ ልሄድበት ተነሣሁ። ከልጆቹ እውነተኛውን ናሙና ወስጄ እሷ ካመጣችው ጋር አስተያይቼ ፋይሉን ልዘጋ ነው። ከሾፌሩ ጋር የተፈናጠጥንበት ሞተር ጭቃው ውስጥ ሁለቴ ጣለን። ስንደርስ እናትየዋ ሕፃኑን አዝላ ከበር ተቀበለችን። ገና ሰላምታው ሳያልቅ የተቀቀለ ጎደሬ ቀረበልኝ። በኦሮምኛ ተጫወትን፤ እኔም ጎሬ ያደግሁ ሰው አይደለሁ እንዴ! አራት ብልቃጥ ሰጠኋትና፣ "ዛሬ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው" አልኳት።

ትንሽ ግር አላት፤ ግን "እሺ" ብላ ትልቁን ልጅ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔስ መች ተቀምጬ! ተነሥቼ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰገራ ልሰልል አጥር ሥር መጎንበሴን ያየ ሰው ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?

ልጁ ጨርሶ ተነሣ። እናትየዋ እንጨት አነሣች። ከዚያ ተንበርክካ፣ በጥንቃቄ፣ አንዱን ለአራቱ ብልቃጥ ታካፍል ጀመር። አንደኛው በዛ ብሎ ሲታያት ቀነሰችና ለአራተኛው ጨመረች። ለልጆቿ ምሳ የምታካፍል ነው የምትመስለው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

አልደነገጠችም። እንዲያውም ለምን እንደጮህኩ አልገባትም። "ሁለቱ አልመጣላቸውም" አለችኝ፤ "ሕፃኑም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልወጣለትም። ታዲያ ምን ላድርግ? የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? ኬሱማ ባዶ እጇን ከቤቴ ትሂድ?" ኬሱማ በእነሱ አፍ እንግዳ ነው። እንግዳዋ እኔ ነኝ።

ወይ ጉድ! ሳህኑ ትዝ አለኝ፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለው የጎረቤቴ ሳህን። አሁንም አልመለስኩትም ነበር። ይህን ልማድ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው፣ ክዳን ያለው ዕቃ ሰው ቤት አስቀምጬ ሄጄ፣ ባዶ ይመለሳል ብዬ ጠብቄያለሁ። ልጅቷ ግን አልሞላችውም። በየቤቱ የምትሞላው እናት ናት።

እናትየዋ ደግሞ አላበቃችም። "ያቺ የእርስዎ ልጅም እንዲሁ ጠይቃኛለች" አለች። "እንደዚህ አደረግሁ ብዬ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ወረቀቷን ገልብጣ ጻፈች።"

"ገልብጣ?"

"አዎ፣ ገልብጣ።"

ያቺን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ባዶ ብልቃጦቼን ብቻ ስጪኝ ብላት ተጣላን፤ በፌስታል ጎደሬ ሞልታ አስይዛኝ ነው የለቀቀችኝ። መቱ ስደርስ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ የፎርሙን ፋይል አወረድኩና ያቺን ወረቀት ገለበጥኳት።

እዚያው ነበር። ደቃቅ፣ ንጹሕ ጽሕፈት። "እናት የአንዱን ልጅ ለአራቱም አካፍያለሁ ብለውኛል። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም ብለው ነው። በሰው ፊት እንዳያፍሩ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ። ናሙናው በድጋሚ ይወሰድ።" የሌሎቹን ሦስት ቤቶች ገለበጥኩ፤ እንደዚያው። ፎርሙን አይተውታል ስትለኝ አይቼዋለሁ ብያታለሁ። ፊቱን ነበር ያየሁት።

ከዚያ የአምስቱን ሠልጣኞች ፎርም ገለበጥኩ። ጀርባው ባዶ። ስላይዶቻቸውን አወጣሁና አንድ በአንድ አየሁ። እነሱም ዘንድ ወንድማማቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆድ አላቸው፤ እነሱም ዘንድ ጨቅላው በቆሎ ይበላል። ሁሉም ቤት ተካፍሏል። ያስተማርኩትን የሠራች አንዷ ብቻ ነበረች፣ እሷን አባርሬያለሁ። ምን ይዋጠኝ! እንባዬ መጣ፤ በራሴ ስናደድ ነው የማለቅሰው።

ስልኳ ላይ ደጋግሜ ደወልኩ። አታነሣም። እኔም ብሆን አላነሣም።

ለኃላፊው ሄጄ ነገርኩት። "የሚቀጠረው ሰው ሰኞ ይወሰናል፤ ከዚያ በፊት ከመጣች እንመልሳታለን" አለና ደብዳቤ አስጻፈልኝ። "ቀደም ሲል የተወሰደው አስተዳደራዊ እርምጃ ተነሥቶ ወደ ሥልጠናው እንድትመለስ ተወስኗል" ይላል። ማን እንዳጠፋ አይልም። የእኔ ስም የትም የለበትም። አነበብኩትና፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ኡካ ሄድኩ። ሱቁን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከመንገዱ ዳር ባንኮኒው ኋላ ቆማ ጨው ስትመዝን አየኋት። አንዲት ሴትዮ ሳሙና ትጠብቃለች። አጎቷ ከውስጥ ካርቶን ይደረድራል። ሰላም አልኳት፤ ጨውን ትታ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ይህ ይበልጥ አሳፈረኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ለሴትዮዋ ሳሙናዋን ሰጥታ፣ እጇን ጠርጋ፣ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገለበጠችው።

"እትዬ፣ ጀርባው ባዶ ነው" አለችኝ።

መኪናው፣ መንገዱ፣ ኃላፊው እንዲህ ስላለ ምናምን ልል ጀመርኩና ተውኩት። ሴትዮዋ ሳሙናዋን ይዛ አልሄደችም፤ ነገር ሸቷታል። እስኪርቢቶ ለመንኩ። ባንኮኒው ላይ፣ ሚዛኑን ገፋ አድርጌ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ያየችውን ጽፋ ነበር። እኔ አልገለበጥኩም።"

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና መልሳ ሰጠችኝ።

"ይፈርሙበት" አለች።

ፈረምኩ። ያን ጊዜ አጎቷን ጠራችና ሚዛኑን አስረከበችው።