እራት በልተው እራት የጠበቁት እንግዳ

ትናንት ከመግሪብ በኋላ... እዚህ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ፣ አንድ ኒካሕ በመጥበሻ ምክንያት ሊፈርስ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አብራኝ የምትኖረው ዘሃራ አንዲት ማዳም ቤት ምግብ ታበስላለች። ማዳሟ ክብደት ልቀንስ ካለች ወዲህ እራቷ ስተር ፍራይ ብቻ ሆኗል። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና የዶሮ ሥጋ ቀጠን ቀጠን ተደርጎ ይከተፋል፤ ጎድጓዳ መጥበሻ ላይ በኃይለኛ እሳት ሁለት ሦስቴ ይገለባበጣል፤ ሶያ ሶስ ጠብ ይደረግበታል... ኸላስ። ዘሃራም ሙያውን ከተማረች በኋላ ሰባኪው ሆና አረፈችው።

የእኔ አቋም ደግሞ የታወቀ ነው። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ ልብሳችን ሸትቶ፣ ጎረቤት «ዛሬ ምንድነው?» ብሎ ካልጠየቀ፣ እራት አልተሠራም።

«ምጣዱ ሳይሞቅ የሚያልቅ ነገር እንዴት እራት ይባላል?» እላታለሁ።

«አንቺ የምትወጂው መብላቱን ሳይሆን መጠበቁን ነው» ትለኛለች።

በዚህ መሐል የእጮኛዋ የጀማል አጎት፣ ጋሽ እንድሪስ፣ ከመካ ሊመጡ መሆኑ ተሰማ። እዚያው መካ፣ ጀርወል ሰፈር ከሚሠሩበት ሆቴል ፈቃድ ወስደው ነው። ደሴ ያሉት የጀማል ወላጆች «እንድሪስ አይቷት ደህና ናት ካለ፣ እኛም እሺ» ብለዋል። በቃ፣ የዘሃራ ትዳር የአንድ ሰው ምላስ ላይ ወደቀ።

«ዶሮ ወጥ ልሥራልሽ» ብዬ ለመንኳት።

«ነገ ጀማልን የማበላው ይሄንን ነው። ዛሬ ወጥ ሠርቼ ላታልላቸው? ከአሁኑ ይወቁት!»

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ሐቀኛ ሙሽራ አደገኛ ነገር የለም።

ጋሽ እንድሪስ ከጀማል ጋር መጡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ በእጃቸው የተምር ካርቶን። ዱዓ አደረጉልን። ስለ ሙቀቱና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ስለ ኢቃማ እድሳት ማውራት ጀመሩ። ዘሃራ ኪችን ገባች... ጭሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ... ወጣች። የኢቃማው ወሬ ገና መሐሉ ላይ ነበር።

ሳህንና ሹካ ቀረበላቸው። ሹካዋን አንዴ ሞክረው ተዉአትና ካሮቱን በጣታቸው እያነሱ ቆርጠም ቆርጠም አደረጉት። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ተጨመረላቸው። በሉ። ደግሞ ተጨመረላቸው። ደግሞ በሉ። ዘሃራ በቅንድቧ «አየሽ?» አለችኝ። እኔም የሽንፈት ንግግሬን በሆዴ ማርቀቅ ጀመርኩ።

ጣታቸው በሶሱ ስለተለቀለቀ፣ ዘሃራ ጆግና ሳፋ ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ አስታጠበቻቸው።

ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ወግ እንግዳ ከምግብ በፊትም ይታጠባል፣ በኋላም ይታጠባል። ዘሃራ የኋላውን አስታጠበች። ጋሽ እንድሪስ የፊቱን ታጠቡ።

እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ተመቻችተው ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» አሉና የታጠበ ቀኝ እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ... ጠበቁ።

ጀማል አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን አበባ ይመረምር ጀመር።

ጋሽ እንድሪስ የተጨነቅነው ወጡ ስለዘገየ መሰላቸው። የአባት ፈገግታ ፈገግ አሉና «በሉ ልጆቼ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸኩሉ። በደንብ ይብሰል» አሉ።

ዘሃራን እየጎተትኩ ኪችን ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«ሦስት ሳህን በልተዋል እኮ!» አለች በሹክሹክታ። እንባዋ ሊመጣ ነው። «ወጥቼ ‹እራቱ ያ ነበር› ልበላቸው?»

«በያቸው! ደሴ ደውለው ‹ጦሜን ሸኘችኝ› ይበሉልሽ።»

«ወላሂ ጉዴ ፈላ... ምን ይሻላል?»

«መጥበሻው ላይ የቀረ አለ?»

ነበረ። ያንኑ አሞቅነው። አዋዜ ጣል አደረግንበት። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን እንጀራ አውጥተን ትሪ ላይ ዘረጋን፤ መሐሉ ላይ ገለበጥነው። ዘሃራ ትሪውን አንስታ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኩ።

«ወዴት ነው? አሁን ይዘሽ ከወጣሽ ይሄንንም መክሰስ ነው የሚሉት!»

እናም ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ በራችንን ዘግተን፣ ባዶ ድስት በማማሰያ እያማሰልን፣ ክዳን እያንኳኳን፣ አልፎ አልፎም ጮክ ብለን «ጨው ቅመሺው እስቲ!» እየተባባልን፣ ምንም ሳናበስል ስናበስል ቆየን። አንድ ወጥ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ሲያልፍ፣ ላባችንን ጠርገን ወጣን።

ጋሽ እንድሪስ እንጀራውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ጠቀለሉ። ጀማልን አጎረሱ። ዘሃራን ጠርተው አጎረሱ።

«ይሄ ነው እንግዲህ! ጊዜ የተሰጠው ምግብ እኮ ያስታውቃል» አሉ።

ግን ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ድንገት አቆሙ። እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን አወጡ። ዘሃራ ትሪውን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። የደወሉት ለጀማል እናት ነው፤ ያውም እዚያው ፊታችን።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ባለሙያ ናት። ወጧ እጅ ያስቆረጥማል። ኒካሑን አስቡበት» አሉ። ዘሃራ ትንፋሿን ለቀቀች። «አንድ ነገር ብቻ ምከሯት... እራቱ እስኪደርስ ብላ የምታቀርባት ቆርጣማ ነገር አለች። እሷ ሆዴን ሞልታብኝ እራቱን በቅጡ አልበላሁትም።»

ዘሃራ ከጀማል ጀርባ ሆና በከንፈሯ ብቻ «አጠገበ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ተሸንፌያለሁ። ስተር ፍራይ ያጠግባል... እራት ለመባል ግን አጠገቡ ቆሞ ድስት የሚያንኳኳለት ሰው ይፈልጋል።