ዘፈኖቹ የዘለሉት ቦታ

ትናንት መተማ ዮሐንስ፣ ጉምሩኩ አጠገብ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንዱ ሾፌር የሴት አንገት የሚያወድስ ዘፈን ሠፈሩን እስኪያናውጥ ከፍቶ አለፈና፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እኔ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ አንገት በተወደሰ ቁጥር እዚሁ አቅራቢያ ኮኪት ከተማ ዘጠነኛ ክፍል የተማርሁበት ጥቁር ሰሌዳ ይመጣብኛል።

የአማርኛ መምህራችን መምህር ደሳለኝ ከደሴ የመጣ፣ የቆላውን ሙቀት ገና ያልለመደ ቀጭን ወጣት ነበር። ወቅቱ ሰሊጥ የሚታጨድበት ስለነበር ከወሎና ከጎጃም የመጡት አጫጆች ማሳውን በዘፈን ያደምቁታል፤ እሱም ከእነሱም ከወላጆቻችንም የሰው ገላ የሚወደስበትን ግጥም ለቃቅመን እንድንመጣ አዘዘን። ከዚያ የሰው ቅርጽ በጠመኔ ሣለና እያንዳንዱን ውዳሴ በየቦታው አስጻፈን። ዓይን ላይ ተሻማን፤ ጥርስ ላይ መጻፊያ ጠፋ፤ አንዱማ እንደ ማሽላ አገዳ የረዘመ አንገት ይዞ መጥቶ ሰሌዳው አልበቃ አለው። ወገብም ድርሻውን አገኘ፤ ከዚያ በታች ግን እስከ ባትና ተረከዝ ድረስ ባዶ ሜዳ ሆነ። «ዘፋኞቻችን እዚህ ሲደርሱ መንገድ ይዘጋባቸዋል» አለና መምህሩ፣ ዘፈኖቹ የዘለሉትን እሱ ሳያፍር አስተማረን፤ የወንድ ልጅ ድምፅ ለምን እንደሚጎረንን፣ የወር አበባ ምን እንደሆነ። ወንዶቹ ዴስክ ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም፤ እኛ ሴቶቹ የሻሻችንን ጫፍ ነክሰን ሳቃችንን ዋጥን፣ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችንም።

ሰሌዳው ሳይጠፋ አደረና ዘበኛው አየው። ወሬው እኛ ቤት ሲደርስ «መምህሩ ራቁት ሰው ሥሎ ልጆቹን ያዘፍናል» ሆኖ ነበር። አባቴ ትራክተሩን ማሳ መካከል አቁሞ መጣና፣ ያ ሰውዬ ካልተባረረ እኔ ዳግመኛ ትምህርት ቤት እንደማልረግጥ ማለ። አባቴ ሲምል ቀልድ አያውቅም፤ ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስሁ።

እሑድ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። መምህር ደሳለኝ ሰሌዳውን እንዳለ አስወጥቶ ፊታቸው አቆመው። አባቴ ሊከስ ተነሣ፤ ዳሩ ግን በጉብዝናው ጊዜ የታወቀ የሠርግ አቀንቃኝ ነበርና አንገት ላይ የተጻፈውን ሲያነብ አላስቻለውም። «ይች ግጥም ቤት አትመታም፤ ማነው ያበላሻት?» ብሎ ጠመኔ ተቀበለና ማረም ጀመረ። ሌላው አባት የጎጃሙ ይበልጣል ብሎ ተነሣ፤ ክሱ ተረስቶ ሽማግሌ ሁሉ በጥርስና በሽንጥ ተከራከረ። እየወረዱ እየወረዱ ባዶው ቦታ ሲደርሱ ግን አፋቸው ተለጎመ፤ አባቴም የመጣበት ጉዳይ ትዝ አለውና ጠመኔውን ወረወረው። «እኮ! ይኸን ነው ለልጆቻችን የሚያስተምረው!»

ያን ጊዜ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ ተነሣች።

«እኔ በዚች ልጅ ዕድሜ ሰሊጥ ስናጭድ ደም አየሁ፤ ሆዴንም ቆረጠኝ። ወባ ነው ብለው ክኒን አስዋጡኝ። በየወሩ ወባ ተነሣብኝ እያልሁ፣ በየወሩ ክኒን ስውጥ ዓመት አለፈኝ። የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ልጄ ትማር።»

ሴቶቹ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሱ። ቀጥሎ አንዷ «እኔም» አለች፣ ሌላዋም «እኔም»፣ ሳቁም ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ይባረር የሚል አንድም ሰው አልተገኘም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ወደ እናቴ ዞር ብሎ፣ «ይኸን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

«አንቱ መች ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ከዚያ ወዲህ አባቴ መጠየቅ ለመደ። እሷ ስትመልስለት፣ አንዳንዴም ሁለቱ አብረው ሲስቁ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሰማቸው ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ የግንብ ሆኗል፤ መምህር ደሳለኝ ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆየ፤ እናቴም የለችም። ናፍቆቷ አሁንም ያቃጥለኛል። አባቴ ግን እስከ ዛሬ ከጎኑ ወዳለው ባዶ መደብ ዞር ይልና፣ ሊጠይቅ ከንፈሩን አላቅቆ መልሶ ይገጥመዋል።