የሁለት ሴቶች ሹክሹክታ

ስትሮክ ሲመታኝ አንደበቴን እግዜር ተወልኝ፤ የወሰደብኝ ቀኝ እጄን ነው። ለማስተማር ከጎጃም መጥቼ መቀሌ ላይ ትዳር ይዣለሁ። ትግርኛ እሰማለሁ፤ ፈጠን ብሎ ሲወራ ግን ያመልጠኛል። መከራዬም ከዚህ ጀመረ።

መብላት፣ መታጠብና መልበስ መልሳ የምታለማምደኝ ቴራፒስት ወጣት ናት። ገና እንዳየችኝ ደህናውን ግራ እጄን በወፍራም ጓንት ሸፈነችና በቀኜ ሽምብራ ከሳህን ወደ ሳህን እንዳዛውር አዘዘችኝ።

«ሕፃን መሰልኩሽ?»

«መምህር፣ ደህናው ካላረፈ የታመመው አይሠራም።»

አላመንኳትም። አንድ ቀን ከክፍሉ ስወጣ ቴራፒስቷና ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ይንሾካሾካሉ። ቴራፒስቷ «ግደፍዮ» ስትላት ሰማሁ። ተዪው ማለቷ ነው። ሲያዩኝ ተለያዩ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ሓድነት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ባለቤቴን «ምን አለችሽ?» ብላት «ምንም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነች። ማጉረሷን ተወች። ሸሚዜን አልጋው ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። ወጡ ጭኔ ላይ ሲንጠባጠብ እያየች ፊቷን ታዞራለች። ሰልችቻታለሁ፣ ወደ እናቴ ቤት ልትሰደኝ ነው አልኩ። ስልክ ይዛ ግቢ ስትወጣ ጆሮዬን መስኮቱ ላይ እለጥፍ ነበር።

አንድ ጠዋት ባልዲ ውሃና ጆግ አቀረበችልኝና «ገበያ ደርሼ ልምጣ፤ ራስህ ታጠብ» ብላ በሩን ዘጋች።

ሰደብኳት። ከዚያ በእልህ ጆጉን በቀኜ ጨበጥኩ። ወደቀ፤ አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። የግራ ብብትን ግራ እጅ አያጥበውም። ሳሙናውን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ያን በድን ክንድ በደረቴ ላይ እየጎተትኩ አደረስኩት።

ፎጣ አገልድሜ በሩን ብከፍት ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

«ገበያ አልሄድሽም?»

«የት እሄዳለሁ? ጆጉ በወደቀ ቁጥር ልገባ ነበር። ቴራፒስቷ ግን ‹ግደፍዮ፣ ባንቺ እጅ ከለመደ የሱ እጅ ሰንፎ ይቀራል› ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትለምነኛለህ። ከለመንከኝ ደግሞ እምቢ አልልህም።»

ሸሚዜን ራሴ ለበስኩ። የአንገቱ ቁልፍ እምቢ ሲለኝ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሳልቆልፈው ቁርስ ቀረብን።

አሁን በቀኜ እጎርሳለሁ። ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አይወጣም፤ ጸጉሬን ሳበጥር ጎንበስ እላለሁ።